የየትኛው ባንክ ብራንች?

የእሑድ ቡፌ፣ የደላላው ሒሳብና የጋሼ ጾም

ደላላው ወዳጃችን ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ብራንች እንገናኝ፤ ገዢውም ይመጣል» ሲላቸው ጋሼ ትንሽ ቆም አሉና፣ «የየትኛው ባንክ ብራንች?» ብለው ጠየቁት። አስከትለውም ባንክ እሑድ የሚከፍተው ከመቼ ወዲህ ነው አሉ።

አይፈረድባቸውም። ዕድሜያቸውን በመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ለጨረሱ ሰው ብራንች ማለት ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቅርንጫፍ ነው። ደላላው የጠራቸው ግን ወደ አንድ የአዲስ አበባ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ ቁርስም ምሳም ወዳልሆነው፣ ወይም ሁለቱንም ወደሆነው የእሑድ ማዕድ ነበር። ነገሩ ሲያልቅ ታዲያ የጋሼ ጥያቄ ያን ያህል ስሕተት እንዳልነበረው ታየ። እዚያም ገንዘብ ይገባል፣ ይወጣልም። ቁም ነገሩ የሚወጣው በየት በኩል፣ ከማን ኪስ እንደሆነ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጋሼ ቃሊቲ አካባቢ የሚሸጥ መጋዘን አላቸው። ገዢው ከዋሽንግተን አካባቢ የመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። በመካከላቸው ያለው ደላላ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የቆየ ወዳጅ ሲሆን፣ ሁለቱን ሰዎች ለሁለት ወር ያህል በስልክ ሲያመላልስ ከርሟል። ሽያጩ ቢሳካ እንደተለመደው ከየወገኑ ሁለት ሁለት በመቶ ያገኛል። ባይሳካ የሚተርፈው የስልክና የነዳጅ ወጪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ፈለገ። ጠረጴዛውም የመጋዘኑን ዋጋ የሚመጥን ይሁን አለ።

እኔን የጠራኝ በሌላ ምክንያት ነው። ስለ ትልልቅ ሆቴሎች የእሑድ ገበያ ለመጻፍ እንደማስብ ያውቃልና፣ «መጥተህ ተመልከት፤ የራስህን ግን ራስህ ክፈል» አለኝ። በዚሁ ተስማማን።

ቁምሳ ከነኮከቡ

ብራንች የሚለው ቃል ቁርስና ምሳ የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው የተሰፉበት ነው። ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1895 ሀንተርስ ዊክሊ በተባለ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቅዳሜ ሲጠጣ ያመሸ ሰው እሑድ በማለዳ ከሚነሣ ይልቅ ረፈድ አድርጎ ተነሥቶ ሁለቱን ማዕድ በአንድ ቢያጠቃልል ይሻለዋል ሲል ተከራክሯል። ክርክሩን የሰሙት ሆቴሎች ነገሩን ወደ ንግድ ከለወጡት ቆይቷል።

ቃሉ በእኛም ዘንድ አለ። ቁምሳ ይባላል። ልዩነቱ የእኛው ቁምሳ የተወለደው ከኪስ መሳሳት መሆኑ ነው። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ደመወዝ ያልደረሰለት አዲስ ተቀጣሪ ቁርሱን ዘሎ ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ ይበላና የሁለቱን ማዕድ ወጪ ወደ አንድ ያወርዳል። ባለ ኮከቡ ሆቴል ደግሞ ሁለቱን ማዕድ ወደ አንድ አጠቃሎ የብዙ ቀን ምሳ ዋጋ ይጠይቃል።

ለነገሩ ምግብን በገንዘብ መግዛት ራሱ ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1890ዎቹ መጨረሻ በእቴጌ ጣይቱ የተቋቋመው ሆቴል ሥራ ሲጀምር፣ ከፍሎ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ተመጋቢ ጠፋ ይባላል። አፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ለሌላው አርአያ ሆኑ እየተባለ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ሒልተን በ1962 ዓ.ም.፣ ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገዱ ስካይላይት በ2011 ዓ.ም. በራቸውን ከፍተዋል። ሌሎችም ተከትለዋል። ነውሩም ቦታውን ቀይሯል። ያኔ የሚያሳፍረው ከፍሎ መብላት ነበር፤ ዛሬ የሚያሳፍረው ከመብላት በፊት ዋጋ መጠየቅ ሆኗል። ደላላው ወዳጄም ከዚህ ነውር አላመለጠም። ቦታ ሲያስይዝ «ስንት ነው?» ሳይሆን «መስኮቱ አጠገብ ይሁንልኝ» ነበር ያለው።

ሥጋው ላይ ዘበኛ

በቀጠሮው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ላይ ተገናኘን። ፍተሻውን አልፈን አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ፒያኖ ይሰማል። ረጅም ነጭ ቆብ የደፉ አብሳዮች ከየምድጃቸው ኋላ ቆመዋል። አንዱ እንቁላል በታዘዘው ዓይነት ይጠብሳል፣ አንዱ የበግ ሙክት ይቆርጣል፣ አንዱ ሳልሞን ይገሸልጣል። ወለላው ከነሰፈፉ የተቀመጠ ማር አለ። በአንዱ ጥግ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል፤ ዕጣኑ ከቸኮላታው ሽታ ጋር ይጋፋል።

ደላላው ሳህን አንሥቶ በቀጥታ ወደ ሳልሞኑ ገሰገሰ። ከአሜሪካ የመጣው ገዢ ግን ሳልሞኑን ዞር ብሎም አላየው። ጨጨብሳና ቅንጬ ያለበትን ጠይቆ እዚያ ተሰለፈ። ጋሼ ሳህን አላነሡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ገና ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው። ወሩ ደግሞ ነሐሴ ነው። ፍልሰታ!

ወዳጄ የመጋዘኑን ካርታ አጣርቷል፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጧል፣ ከባድ መኪና የሚገባበትን መንገድ ስፋት ሳይቀር ለክቷል። የቀን መቁጠሪያ ግን አላየም። ፊቱ ሲለዋወጥ ጋሼ አዘኑለትና፣ «ግድ የለም ልጄ፣ የጾም አይጠፋም» ብለው ተነሡ። እውነትም አልጠፋም። በአንድ ጥግ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ተደርድሯል። ጋሼ በእንጀራ ትንሽ ሽሮና ጎመን፣ በላዩም ፓፓያ በሉ። የሚከፈልላቸው ዋጋ ግን ከሳልሞን በላተኛው እኩል ነው። ቡፌ ሰውን በአፉ አይለካም፤ በራሱ ይቆጥራል።

ይህ የቡፌ ንግድ ዋናው ምስጢር ነው። ዋጋው የሚተመነው በአማካይ ተመጋቢ ነው። ብዙ የሚበላው የሚያጎድለውን ጥቂት የሚበላው ይሞላዋል። ጾመኛው፣ አዛውንቱ፣ ክብደት ለመቀነስ የምትጠነቀቀው እመቤት፣ በወሬ ተጠምዶ ሳህኑ የቀዘቀዘበት ነጋዴ፣ ሁሉም ሳያውቁት ለጎረምሳው የበግ ሥጋ ይከፍላሉ። የምግቡ አደራደርም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። በመግቢያው አቅራቢያ የሚገኙት ዳቦ፣ ሰላጣና ፓስታ፣ ማለትም ሆድ የሚሞሉና ብዙ የማይጠይቁ ናቸው። ውድ ውዱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሳህኖቹም ትልልቅ አይደሉም።

ጋሼ ይህን ያስተማራቸው የለም፤ በዓይናቸው ግን ወዲያው ደረሱበት። «አየህ ልጄ፣ ዳቦውን ሜዳ ላይ ትተውታል፣ ሥጋው ላይ ግን ዘበኛ አቁመዋል» አሉ ቢላዋ ወደያዘው አብሳይ እያመለከቱ። ነገሩ እውነት ነው። ቆራጩ ባለበት ሰው አንድ ቁራጭ ይቀበላል፤ ሁለተኛ ለመጠየቅ ያፍራል። በራሱ እጅ ቢያነሣ ግን ሦስት ያነሣ ነበር። ጋሼ ቀጥለው ሱቃቸውን ተረኩ። ውዱን ጨርቅ የሚሰቅሉት ሰው እጅ ከማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ እንደሆነና በደጃፍ የሚዘረጉት ርካሹን እንደሆነ ነገሩን።

ሆቴሉ ምን ያተርፋል?

ጋሼ ከሽሯቸው ቀና ብለው ጠረጴዛ ቆጠሩ። ሠላሳ ያህል ነው። በአራት በአራት ሰው 120 ሰው ይሆናል። ሆቴሎች ዋጋቸውን በየጊዜው ስለሚቀይሩ ለሒሳቡ እንዲመች የአንድ ሰው ዋጋ 3,000 ብር ነው ብንል፣ በአንድ እሑድ ረፋድ 360,000 ብር ማለት ነው። ገዢው ይህን ሲሰማ፣ «መጋዘኑን ትተን ቡፌ እንክፈት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ነገር ግን ይህ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። አብሳዮቹ ሥራ የጀመሩት ከዋዜማው ነው። የተሠራው ምግብ በሙሉ አይበላም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ትሪው ባዶ ሆኖ መታየት የለበትም። ከውጭ የሚገባው ሳልሞን፣ አይብና የወይን ጠጅ በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከአንድ ዓመት በኋላ በባንክ ከ130 ብር በላይ ሲመነዘር፣ የዚያ ጠረጴዛ ግማሹ ወጪ አብሮ ዘሏል። ማሩ፣ ጤፉና ቡናው የአገር ቢሆኑም ጄኔሬተሩና የጭነት መኪናው ነዳጅ ያው ከውጭ ነው።

ታዲያ ለምን ይደክማሉ? አንደኛው መልስ እሑድ ራሱ ነው። የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ዋና ደንበኞች ለስብሰባና ለሥራ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። እነሱ በሳምንቱ መጨረሻ ይቀንሳሉ። ወጥ ቤቱና አስተናጋጁ ግን ከነደመወዛቸው አሉ። ያን ባዶ ቀን የከተማው ሰው እንዲሞላው መጋበዝ ደንበኛ የነጋዴ ብልሃት ነው። ሁለተኛው መልስ ከአዳራሹ ውጭ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በላስ ቬጋስ፣ ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለው ሆቴል በአንድ ዶላር ጥጋብ የሚበላበት ቡፌ ሲዘረጋ ዓላማው ምግብ መሸጥ አልነበረም። ቁማርተኛው ራት ፍለጋ ከቤቱ እንዳይወጣ ነው። የእኛዎቹ ቁማር ባይኖራቸውም ሠርግ፣ ምረቃ፣ የባለአክሲዮኖች ጉባዔና የምርት ማስተዋወቂያ ድግስ አላቸው። እሑድ ረፋድ የበላው ባለሀብት የልጁን ሠርግ የት እንደሚያደርግ ያስባል። ብራንቹ ለሆቴሉ ጋሼ ደጃፍ ላይ እንደሚዘረጉት ጨርቅ ነው፤ መንገደኛውን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ሁለቱ የመደመር ምልክቶች

ሒሳቡ በጥቁር ቆዳ ማቀፊያ ውስጥ ሆኖ መጣ። ወዳጄ ከፈት አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው። እንደገና ከፈተው። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ የመደመር ምልክቶች ነበሩ። የጌጥ መስለውት ነበር።

አንዱ ምልክት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26 ነጥብ 5 በመቶ ይሆናል። በያዝነው ምሳሌ 3,000 ብር መጀመሪያ 3,300፣ ከዚያ 3,795 ብር ይሆናል። ለሦስት ሰው 11,385 ብር ነው። ውኃውና ጭማቂው ገና አልተነኩም፤ በብዙ ሆቴሎች እነሱ ለብቻ የሚታሰቡ ናቸው። ሦስት ሰው በሦስት ሺህ ዘጠኝ ሺህ ብሎ ለወጣ ሰው የ2,385 ብር ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ወዳጄ ራሱን ሲያጽናና፣ «ደረሰኝ አለኝ፤ በድርጅቴ ወጪ ይያዛል» አለ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለመዝናኛና ለመስተንግዶ የወጣን ወጪ በመርሕ ደረጃ ከግብር ተቀናሽ አያደርግም። ሥራቸው ራሱ መስተንግዶ የሆኑትን የመሳሰሉ የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ መጋዘን ማሻሻጥ ግን ከነዚያ አይቆጠርም። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ተደርጎበታልና ለየራስ ጉዳይ የሒሳብ ባለሙያን መጠየቅ ይበጃል። ይህ ማለት ግብዣው የሚከፈለው ግብር ከተከፈለበት ትርፍ ላይ ነው። 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል ድርጅት 11,385 ብር ለግብዣ ለማውጣት መጀመሪያ ወደ 16,264 ብር ማትረፍ አለበት። የሽሮው ትክክለኛ ዋጋ ይኸው ነው።

ጠረጴዛው ሲናገር

ይህ ሁሉ ሽያጩን ቢያቀርበው ኖሮ ወዳጄ ባልቆጨው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ገዢው ሒሳቡን አጮልቆ አየና በአእምሮው ወደ ዶላር መነዘረው። ለአንድ ሰው ከሠላሳ ዶላር ብዙም አይርቅም። «ርካሽ ነው» አለ፤ ደላላውን ለማጽናናት ነው እንጂ በክፋት አልነበረም። ጋሼ ሰሙ። ጽዋቸውን አስቀመጡ።

ጋሼ ከዚያ ቀን በፊት በስልክ ዋጋቸውን ጥቂት ዝቅ ለማድረግ ፈቃደኛ መሆናቸውን ለደላላው ፍንጭ ሰጥተውት ነበር። የእሑዱ ግብዣ ዓላማም ያችን ፍንጭ ወደ ቁርጥ ዋጋ መለወጥ ነው። ገዢው ስለ ዋጋው ሲያነሣ ግን ጋሼ፣ «በእግዜር ማዕድ ላይ ገበያ አይወራም» ብለው አለፉት። በኋላ ለብቻቸው ስናወራ እውነቱን ነገሩኝ። ይህን ርካሽ የሚል ሰው መጋዘኑም ርካሽ ሆኖ ይታየዋል፤ እኔ ለምን እቀንሳለሁ? ነበር ያሉት።

ደላላው በጠረጴዛው ላይ ክብር ለመግዛት ሲል ለገዢው ጥሪት መሰከረበት። ሁለት ወር ሙሉ «ገዢው አቅሙ ይኸው ብቻ ነው» ሲል የከረመው ሰው፣ መስኮት አጠገብ፣ ፒያኖ እየተመታ፣ ያን ምስክርነት በአንድ ረፋድ አፈረሰው። ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሻጭ የሚያየው የተነገረውን ብቻ አይደለም። ጫማ ያያል፣ መኪና ያያል፣ የተጋበዘበትን ቤት ያያል። ውድ ጠረጴዛ ዋጋ ይናገራል፤ የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ለሻጩ ነው። ገዢ ለመሳብ ሻጭ ሲጋብዝ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ጠረጴዛው «ዕቃዬ ውድ ነው» ይላልና ከዓላማው ጋር ይስማማል። ዋጋ ለማስቀነስ የሚጋብዝ ግን ሽሮውን ከሆቴል ሳይሆን ከሽሮ ቤት ቢያዝ ይሻለዋል።

ስንለያይ ደግሞ የባሰ መጣ። ጋሼ ወደ ገዢው ዞር ብለው፣ «ማክሰኞ መርካቶ ሱቄ ብቅ በል፤ ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን» አሉት፤ ሱቁ ያለበትንም ነገሩት። ወዳጄ ቀለሙ ተለወጠ። ለደላላ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ሻጭና ገዢ ቀጥታ ከተገናኙ መካከለኛው ይዘለላል፤ ሁለቱም ሁለት በመቷቸውን ይቆጥባሉ። እሱ ደግሞ ከነደረሰኙ ይቀራል። ሰኞን እንዴት እንደዋለ እሱ ያውቃል።

ሰኞ ማታ ጋሼ ደወሉለት። «ልጄ፣ ማክሰኞ አንተም ና እንጂ፤ ሰው አገናኝቶ የሚጠፋ አለ እንዴ?» አሉት።

ማክሰኞ ሱቁ ውስጥ በጣቃ ጨርቅ መካከል፣ በትንንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከጎረቤት በመጣ ሻይ ዋጋው እንደገና ተነሣ። እኔ አልነበርኩም፤ ሁለቱም ወገን ግን በየፊናቸው ነግረውኛል። ጋሼ ጥቂት ዝቅ ብለዋል፤ ገዢውም ጥቂት ወጥቷል። በመካከላቸው የቀረው ልዩነት እሑድ ከነበረው ጠቧል። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ ግን ውሉ አልተፈረመም።

ወዳጄ የሆቴሉን ደረሰኝ አልጣለውም። ከመጋዘኑ ካርታ ቅጂ ጋር አጥፎ ይዞታል። አጠገቡም አዲስ የገዛውን የኪስ ቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ጾሞቹን በቀይ አስምሮባቸዋል።